ከኤሲኤል ቀዶ ጥገና በኋላ የጉልበት ካርቲሌጅን ምን ይጠብቀዋል? ሳይክል፣ ገንዳ፣ ሩጫ፣ መርፌና ዱቄት ሲነጻጸሩ (ለሀዋሳ ነዋሪዎች)

የተበጠሰው ኤሲኤል፣ ማለትም ጉልበት ውስጥ የጭን አጥንቱን ከቅልጥሙ ጋር የሚያያይዘው ጅማት፣ ተተክቷል፣ ስፌቱ ደርቋል፣ ክራንቹም አልጋ ሥር ገብቷል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ትልቁ ሥራ የካርቲሌጁ ነው። ካርቲሌጅ የምንለው የጭን አጥንቱን ጫፍ፣ የቅልጥሙን አናትና የጉልበቱን ሎሚ ጀርባ የሸፈነውን ነጭና ልሙጥ ንጣፍ ነው። ውፍረቱ ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የደም ሥርም ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ ሲሳሳ ድምፁን አያሰማም፣ ከሳሳም በኋላ እንደ ቆዳ መልሶ አይተካም። የሚመገበው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ሲሆን ፈሳሹ ወደ ውስጡ የሚዘልቀው ጉልበቱ ሲጫንና ሲለቀቅ ነው። ጫና ሲበዛበት ይፋቃል፤ ጫና ሲቀርበትም ይሳሳል።

ኤሲኤል ከተበጠሰ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከተጎዱት ሰዎች እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ የአርትራይተስ ምልክት በራጅ ይታያል፤ ሜኒስከሱ (በሁለቱ አጥንቶች መካከል ጫናውን የሚያከፋፍለው ንጣፍ) አብሮ የተጎዳ ሰው ስጋቱ ይበልጣል። ቀዶ ጥገናው ጉልበቱን ያረጋጋል እንጂ ይህን ስጋት አያጠፋም፤ ጅማቱ በተበጠሰባት ቅጽበት አጥንቱና ካርቲሌጁ ተጋጭተው ተቀጥቅጠዋልና።

የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጭን ጡንቻ፣ ቀጥሎ የጫና ልክ፣ ከዚያ የሰውነት ክብደት፤ መርፌና ዱቄት መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያወጣው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ፋርማሲ ገብቶ ግሉኮሳሚን የሚባለውን የመገጣጠሚያ ማሟያ ይገዛል፣ ስለ መርፌ ይጠይቃል፣ ቁምጣ ሲለብስ ግን የተሠራው ጭኑ ከጤነኛው ቀጥኖ ይታያል።

ከመምረጥዎ በፊት፦ ውስጡ ምን ተሠራ?

የኦፕሬሽን ሪፖርትዎን ያውጡ፤ ከሌለዎት ኮፒ ይጠይቁ። ቀዶ ጥገናውን አዲስ አበባ አስደርጎ ማገገሚያውን ሀዋሳ ለሚከታተል ሰው ይህ ወረቀት የግድ ነው፤ እዚህ ያለው ፊዚዮቴራፒስት ውስጡን አላየውምና። ከወረቀቱ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አዲሱ ጅማት ከየት ተወሰደ፦ ከሎሚው በታች፣ ከሎሚው በላይ ወይስ ከጭን የኋላ ጡንቻ? ሜኒስከሱስ ተሰፋ፣ ተቆረጠ ወይስ ደህና ነበር? ካርቲሌጁ ከ0 እስከ 4 ባለው ደረጃ ስንት ተሰጠው? 0 ጤነኛ ማለት ነው፤ 4 ማለት ንጣፉ አልቆ አጥንቱ ወጥቷል ማለት ነው።

ሜኒስከሱ ከተሰፋ በመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ጉልበትን ክብደት አሸክሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ ስፌቱን ያስከፍታል፤ ጥልቅ ቁጢጥ ደግሞ ቢያንስ 4 ወር ይቆያል። ከተቆረጠ ማገገሙ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ጫናውን የሚያከፋፍለው ንጣፍ ስለቀነሰ ካርቲሌጁ ላይ የሚያርፈው ይበዛል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሩጫ ይልቅ ወደ ሳይክል ያዘንብል። ደረጃው 3 ወይም 4 ከሆነ ደግሞ ሩጫን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ አለመጀመር ነው።

መለኪያው፦ ጉልበቱ ውሃ ቋጥሯል ወይስ ደርቋል?

ካርቲሌጁ ራሱ ስለማይናገር የሚናገርለት እብጠቱ ነው። አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡና ጭንዎን ያላሉ። በመዳፍዎ በጉልበቱ የውስጥ ጎን ከመገጣጠሚያው ሥር ጀምረው ወደ ጭኑ ሁለት ሦስቴ ጠረግ ያድርጉ። ወዲያው በውጭው ጎን ከጭኑ ወደ ታች አንዴ ጠረግ ያድርጉና ዓይንዎን በውስጥ በኩል፣ ከሎሚው አጠገብ ካለችው ጎድጓዳ አያንሱ። ምንም ካልመጣ ጉልበቱ ደረቅ ነው። ትንሽ ሞገድ ብቅ ካለች ጥቂት ፈሳሽ አለ። በውጭ በኩል ሳይጠርጉ ጎድጓዳዋ ራሷ መልሳ ከሞላች በዛ ያለ ነው። ጨርሶ አልገፋ ካለ ደግሞ ጉልበቱ ሞልቷል፤ የዚያን ቀን ስፖርት የለም።

ይህን ከስፖርት በፊትና በማግሥቱ ጠዋት ያድርጉት። በማግሥቱ አንድ ደረጃ ከጨመረ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነውና እስኪመለስ ጠብቀው ባነሰ መጠን ይቀጥሉ። ሕመም ከ10 ነጥብ 2 እስኪደርስ ችግር የለውም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ግን በዝቷል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምንመርጠው በዚህ ሚዛን ነው።

ሳይክል

ሀዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ሳይክልም የለመደባት ናት። ካርቲሌጁን ደጋግሞ እየጫነና እየለቀቀ የሰውነትን ክብደት የማያሸክም በመሆኑ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከሳይክል የሚበልጥ የለም። ፔዳሉን ሙሉ ለማዞር ጉልበቱ ወደ 110 ዲግሪ መታጠፍ አለበት፤ እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ግማሽ ዙር ወደኋላ ማወዛወዝ ይበቃል። በቆመ ሳይክል፣ ያለ ተጨማሪ ጫና፣ በ10 ደቂቃ ተጀምሮ ጉልበቱ ደረቅ ከሆነ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ ይደጋል።

የሚበላሸው ኮርቻው ላይ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝዎን ያስቀምጡበት፤ እግርዎ ቀጥ ካለ ቁመቱ ትክክል ነው። ከዚያ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረግጡ ጉልበቱ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ይቀራል። ዝቅ ያለ ኮርቻ ሎሚውን ከጭን አጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከሎሚው ሥር ጅማት ለተወሰደለት ሰው ደግሞ ሕመሙ ወዲያው ይመጣል። የሰው ሳይክል ተውሰው ወይም ተከራይተው ከሆነ የኮርቻውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ ይያዙ፤ ዘንጉ ዝገት ይዞት አልነቃነቅ ካለ ያንን ሳይክል ይተዉት።

አስፋልት ላይ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። አደጋው ከፔዳሉ አይመጣም፤ ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍብዎ በሚረግጡት እግር ላይ ነው። ሰውነት ሲዞር የተሠራው እግር መሬት ላይ ተተክሎ ከቀረ አዲሱን ጅማት የሚበጥሰው መጠምዘዝ ያ ነው። ስለዚህ ከ3ኛው ወር በፊት መንገድ ላይ አይውጡ፤ ከወጡም ሲቆሙ ምንጊዜም ጤነኛውን እግር ማውረድን ልማድ ያድርጉት። የሳይክል ድካሙ አንድ ነው፦ የጭን ጡንቻን ብቻውን ወደ ሙሉ ጥንካሬው አይመልሰውም።

እግር ጉዞ

ቀላል ስለሚመስል የሚናቅ፣ ግን ብዙ የሚበላሽበት ምርጫ ነው። ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሳያውቀው ጉልበቱን ገትሮ፣ ክብደቱን ወደ ጤነኛው አድልቶ ይራመዳል። ይህ የሚጠብቀው ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ አነስተኛ ጥናት በ6ኛው ወር የተሠራ ጉልበታቸውን ከጤነኛው አሳንሰው ይጭኑ የነበሩ ሰዎች ናቸው ከ5 ዓመት በኋላ የመሳሳት ምልክት የታየባቸው። ስለዚህ 20 ደቂቃ ሳያነክሱ መሄድ፣ 1 ሰዓት እያነከሱ ከመሄድ ይሻላል። ማነከስ ሲጀምሩ ያቁሙ።

ቦታውን በተመለከተ ከፍቅር ሐይቅ የሚነሳው የሐይቁ ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ይመረጣል። የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አይመከርም፤ ድንጋዩ አልፎ አልፎ ስለተነሳ ቁርጭምጭሚት ይጥላል፣ ጉልበትም አብሮ ይዞራል። ታቦር ተራራ ላይ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው የሚከብደው፤ ቁልቁለት ላይ የጭኑ ጡንቻ እየተሳበ ስለሚቆጣጠር ሎሚው ሥር ያለው ጫና ብዙ እጥፍ ይሆናል። ጡንቻው ሳይደርስ ታቦርን መውረድ ለማግሥቱ እብጠት መዘጋጀት ነው።

ውሃ

ደረት ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሲቆሙ እግርዎ የሚሸከመው ከክብደትዎ ሲሶ ያህሉን ነው፤ ወገብ ድረስ ከሆነ ግማሽ ያህሉን። ማነከስ ያስቸገረውን ሰው ማስተካከያው ይህ ነው፦ ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወዲያና ወዲህ መራመድ፣ በየሳምንቱ ወደ ዝቅተኛው ጥልቀት እየመጡ። ቁስሉ ፍጹም ሳይዘጋ አይገባም። ሲዋኙ እግርን ቀጥ አድርጎ ማርገብገብ ይቻላል፤ እንደ እንቁራሪት መራገጥ ግን ጉልበትን ወደ ውጭ ስለሚጠመዝዝ ቢያንስ 4 ወር ይቆይ።

ቦታው የሆቴል ገንዳ ነው እንጂ ሐይቁ አይደለም። የሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ፤ ታቹ ጭቃ ስለሆነ እግርም ይይዛል። የገንዳ መግቢያ በየቀኑ የማይከፈል ከሆነ በሳምንት አንዴ ለውሃ፣ የቀረውን ለሳይክል ማድረግ ምንም አያጎድልም።

ሩጫና ኳስ

ሩጫ ካርቲሌጅን ይጨርሳል የሚባለው ለጤነኛ ጉልበት እውነት አይደለም። ለተሠራ ጉልበት ግን ቀኑ ብቻ አይፈቅድለትም። ቢያንስ 12 ሳምንት ማለፉ፣ ጉልበቱ ደረቅ መሆኑ፣ ሳያነክሱ 30 ደቂቃ መሄድና የጭን ጡንቻው የጤነኛውን 70 በመቶ መድረሱ አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። ሲሟሉ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ዙር፣ ቀን እየዘለሉ። ከአስፋልቱ ይልቅ ጎርበጥባጣ ሜዳ ያሰጋናል፤ ሣር ስለለሰለሰ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ኳስ ከ9 ወር በፊት የለም። በጥናት የተለካ ነገር ነው፤ እስከ 9ኛው ወር ድረስ የዘገየች እያንዳንዷ ወር ዳግም ጉዳትን በግማሽ ያህል ስትቀንስ ታይታለች። ዳግም የተበጠሰ ጉልበት ደግሞ ሜኒስከሱንም ካርቲሌጁንም ይዞ ይሄዳል። የሰፈር ቡድን «አንድ ግማሽ ብቻ» ብሎ ሲለምን የሚሰጠው መልስ ይህ ነው።

ጡንቻ፦ ማሽን ወይስ ቤት?

ወሳኙ ክፍል ይሄ ነው። የጭን የፊት ጡንቻ እያንዳንዱን እርምጃ የሚቀበለው እሱ ስለሆነ፣ ሲደክም የሚቀበለው ካርቲሌጁ ይሆናል። ከቀዶ ጥገና በኋላ በራሱ አይመለስም፤ ጉልበቱ ባበጠ ቁጥር ነርቩ ጡንቻውን ስለሚያግደው ይበልጥ ይቀጥናል።

ጂም ካለዎት ተቀምጠው እግር የሚዘረጉበት ማሽን በአንድ እግር የሚሠራ ምርጡ ነው። አዲሱን ጅማት ላለመሳብ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ከ90 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ብቻ ይሠራል፤ ክልሉ በፊዚዮቴራፒስቱ ፈቃድ ቀስ እያለ ይሰፋል። ጅማቱ ከጭን የኋላ ጡንቻ ከተወሰደ ተጨማሪ ክብደት እስከ 12ኛው ሳምንት ይቆያል። ትልቁ ስህተት ሁለቱን እግር አንድ ላይ መሥራት ነው፤ ጤነኛው ሥራውን ይወስድና የተሠራው ከጎኑ ቁጭ ይላል። ለመለካትም ያው ማሽን ይበቃል። ጤነኛው እግር 30 ኪሎ 8 ጊዜ ካነሳና የተሠራው 21 ኪሎ 8 ጊዜ ካነሳ 70 በመቶ ነው፦ ሶምሶማ ይጀመራል፣ ኳስ አይጀመርም። ለኳስ 90 በመቶ ይፈለጋል፤ ይኸውም 27 ኪሎ።

ጂም ከሌለ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደረጃና ጀሪካን ይበቃሉ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ከትተው ይሸከሙትና በተሠራው እግር ይውጡ፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይውረዱ። 3 ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በሳምንት 3 ቀን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱ ክብደቱ አንሷል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየወደቀ ከሆነ ግን ውሃውን ይቀንሱ። ከማሽኑ ጋር ሲወዳደር ደረጃው ሥራውን ለዳሌና ለባትም ስለሚያካፍል ጭኑን የመለየት አቅሙ ያንሳል፤ ለኪስ ግን ይቀላል። የምንመክረው ቤት መሥራትና በወር አንድ ቀን ጂም ከፍሎ መለካት ነው።

ጡንቻ ሳይጀመር በፊት እግር ሙሉ መዘርጋቱ ይታይ። አልጋ ላይ በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከጉልበት በታች ወደ ውጭ ያውጡ። የተሠራው ተረከዝ ከጤነኛው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 1 ዲግሪ ያህል ጎድሏል ማለት ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተረከዙን ትራስ ላይ አድርጎ ጉልበቱን አየር ላይ መልቀቅ፣ 10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ። ካልተዘረጋ ጡንቻውም አይመለስም።

ስግደት፣ በርጩማና ቁጢጥ

ከሎሚው ሥር ጅማት የተወሰደለት ሰው መንበርከክ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያመዋል። ቀዶ ጥገናው ገና ያልተደረገለትና የሚሰግድ አንባቢ ካለ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ከጭን የኋላ ጡንቻ ወይም ከሎሚው በላይ የሚወሰደው ለመንበርከክ የተሻለ ነው። ተሠርቶ ላለቀው ደግሞ ለጊዜው ቆሞ ጎንበስ ማለትን ከንስሐ አባት ጋር፣ ወንበር ላይ መስገድን ከኢማሙ ጋር መነጋገር ነው። በቡና ሰዓት ከበርጩማ ይልቅ ወንበር፤ የቁጢጥ ሽንት ቤት ባለበት ደግሞ መሐሉ የተቆረጠ ወንበር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ይረዳል።

ወጌሻ

ወጌሻን ለሌላ ጉዳይ ያከበሩት ያክብሩት። አዲስ የተተከለ ጅማት ግን ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት እጅግ ደካማ ነው፤ ሰውነት አሮጌውን እያፈረሰ አዲስ የሚሠራበት ጊዜ ነው። በጉልበት ማጠፍ፣ መሳብና ጠንካራ እሽት ያላላዋል፤ የላላ ጉልበት ደግሞ በየእርምጃው እየተንሸራተተ ካርቲሌጁን ይፍቃል። «ጅማቱ ዞሯል፣ ልመልሰው» የሚባለውን እምቢ ይበሉ።

ኪኒን፣ መርፌና ዱቄት

ከእነዚህ ካርቲሌጅን እንደሚያድን የተረጋገጠ አንድም የለም፤ ልዩነታቸው በሕመምና በጉዳት ነው። ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ኪኒኖች አይለፍ። ዳይክሎፌናክ ኪኒን በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪም ውጭ አይውሰደው፣ በጾም ቀን በባዶ ሆድም አይወሰድም። 1 በመቶ የሆነው የዳይክሎፌናክ ቅባት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ከኪኒኑ ይመረጣል፤ 4 ግራም፣ በቀን እስከ 4 ጊዜ፣ ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ። የትኛውንም ከስፖርት በፊት አይውሰዱ፤ የጫናውን ልክ የሚነግርዎትን ሕመም ይደብቃል።

ከመርፌዎቹ ስቴሮይድ ሕመምን ለሳምንታት ያስታግሳል። ነገር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አርትራይተስ ያለባቸው ሰዎች በየ3 ወሩ 40 ሚሊ ግራም ትራያምሲኖሎን ለ2 ዓመት ሲወጉ ካርቲሌጃቸው የጨው ውሃ ከተወጉት ይበልጥ ሳሳ፣ ሕመማቸውም አልተሻለም። ከገዛ ደም የሚዘጋጀው ፒአርፒ በ2021 እ.ኤ.አ. ከጨው ውሃ ጋር ተነጻጽሮ በ12ኛው ወር ልዩነት አላሳየም። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚሰጠው ጥቅም ካለም ትንሽ ነው። ጥናቶቹ በዕድሜ ከፍ ያሉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ቢሆኑም፣ ለወጣት ጉልበት ይበልጥ እንደሚሠሩ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በመርፌው ገንዘብ የወራት ጂም ይከፈላል።

ከማሟያዎቹ ግሉኮሳሚን 1500 እና ኮንድሮይቲን 1200 ሚሊ ግራም በ2006 እ.ኤ.አ. ከ1500 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክረው በጥቅሉ ከባዶ ኪኒን አልበለጡም። ግሉኮሳሚን ባብዛኛው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት፣ ኮላጅን ከበሬ፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ስለሚሠራ ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ያንብብ። የቅልጥም መረቅ ቢጠጡት ይጣፍጣል እንጂ በቀጥታ ወደ ጉልበት አይሄድም። ጡንቻ ለመመለስ በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይበቃል፤ 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ80 እስከ 100 ግራም ገደማ። በጾም ይህን በሽሮና በምስር ብቻ መሙላት ይከብዳል፤ ባቄላና ኦቾሎኒ ይጨመሩበት፣ ዓሣ የሚበላ ሰው ደግሞ የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አለለት። ክብደት የጨመረ ሰው 1 ኪሎ ቢቀንስ ጉልበቱ በየእርምጃው 4 ኪሎ ያህል ይቀልለታል፤ ከዱቄቶቹ አንዱም ይህን አያደርግም።

ማሰሪያና ምርመራ

የሚለጠጥ ማሰሪያ መተማመን ይሰጣል፣ ካርቲሌጅ አይጠብቅም። ብረት ያለው ብሬስ ሐኪሙ ለሜኒስከስ ስፌት ካዘዘው ውጭ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ የሚጨምረው ነገር የለም።

ራጅ የሚያሳየው አጥንትንና በመካከሉ ያለውን ክፍተት ነው። የሚነሳው ቆመው መሆን አለበት፤ ተኝተው ሲነሱ ክፍተቱ ሰፊ ይመስላል። ካርቲሌጁን ራሱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ ውድ በመሆኑም ምክንያት ሲኖር ብቻ ይደረጋል፦ ጫና ተቀንሶም ለሳምንታት የማይደርቅ ውሃ፣ ጉልበት መቆለፍ፣ መክዳት፣ ወይም ያለ ፋታ የሚቀንስ የመዘርጋት አቅም ካለ። ጉልበቱ ቢሞቅና ትኩሳት ቢኖር፣ ባትዎ አብጦ ቢያምዎት ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎት ግን ምርመራ መምረጥ የለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።